ላሙ በግንቦት አይሆንም፤ ሼላ ግን ይሁን

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሠርጋችን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር ኬንያ፣ ላሙ ደሴት ላይ ሰባት ቀን ለማሳለፍ አስበናል። የመረጥነው ጥንታዊ የወደብ ከተማና ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ አንድ ላይ ስለሚገኙበት ነው። ደህና ገንዘብ ስላጠራቀምን ቅንጦት ያለው ነገር እንፈልጋለን። ከተማው ውስጥ ይሻላል ወይስ ሼላ መንደር? ሆቴል ወይስ ቤት መከራየት? እጮኛዬ ዋና አይችልም። ጸጥታው እንዴት ነው? ወይስ ዛንዚባር ይሻለን ይሆን?»

እንኳን ደስ አላችሁ። ቦታው ጥሩ ነው፣ ጊዜው ግን ፈጽሞ አይሆንም። ከሌላው ጥያቄ ሁሉ በፊት ይህን ልጨርስ፤ ቀኑ ከተበላሸ ስለ ሆቴልና ስለ ቤት መጨነቁ ከንቱ ነው።

በኬንያ ጠረፍ ረጅሙ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ሲሆን ላሙ ላይ ከሁሉም የሚከፋው ግንቦት ነው። በዚህ ወቅት በርካታ ማረፊያዎች በራቸውን ዘግተው ጣሪያ ያድሳሉ፣ ጀልባ ይጠግናሉ። ክፍት ሆኖ የሚገኘው ቤት በጣም በረከሰ ዋጋ ይቀርብላችሁ ይሆናል። ያ ቅናሽ አያጓጓችሁ። የሼላ ቤቶች መስኮታቸው መስታወት የለውም፤ ሰገነታቸው በዘንባባ ቅጠል የተከደነና በአራቱም ማዕዘን ክፍት ነው። ለነፋስ የተሠራ ቤት ውስጥ ሰባት ቀን ዝናብ ሲገባባችሁ፣ ልብሱ ሲረጥብና ባሕሩ ሲደፈርስ የከፈላችሁት ትንሽ መሆኑ አያጽናናም።

የእኛ አገር ሠርግ ደግሞ ሁለት ወቅት ነው ያለው፤ ወይ ጥር ነው፣ ወይ ከፋሲካ በኋላ። የጥር ሙሽሮች ሳያውቁት ዕድለኞች ናቸው፤ የፋሲካዎቹ ግን በየዓመቱ በዚሁ ዝናብ ይሰናከላሉ። መፍትሔው ሠርጉንና ሽርሽሩን ማለያየት ነው። ለነገሩ ሠርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ ካለቀ በኋላ ሙሽሮች የሚፈልጉት እንቅልፍ እንጂ አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም። ግንቦት ላይ ሁለት ሦስት ቀን አገር ውስጥ፣ አንድ ሐይቅ ዳር አርፉ። ላሙን ለበኋላ አቆዩት።

መቼ ይሁን ለሚለው፣ በላሙ የዓመቱ ጌቶች ሁለት ነፋሶች ናቸው። ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ይቆያል፤ ቀኑ ሞቃት፣ ባሕሩ የጠራ ነው። ኩሲ ከደቡብ የሚነሣ ሲሆን ከሚያዝያ እስከ መስከረም ይነፍሳል፤ በሰኔና በሐምሌ ይበረታል። ከተማውን የፈጠሩትም እነዚሁ ናቸው። ነጋዴዎች ከዓረብና ከሕንድ በካስካዚ ሸራቸውን ዘርግተው ይመጣሉ፣ ዕቃ ይለውጣሉ፣ ኩሲ እስኪነሣ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። የዛሬው ጎብኚ ከዚህ ሕግ የወጣ ይመስለዋል እንጂ አልወጣም።

የጾም ቀናትን ከዚህ ጋር ብታገናዝቡት እናንተን የሚስማሙ ሦስት ክፍተቶች አሉ። የመጀመሪያው ከሐዋርያት ጾም ፍቺ በኋላ፣ ከሐምሌ 6 እስከ ፍልሰታ መግቢያ ድረስ ነው። አዲስ አበባ በክረምት ስትጨልም ላሙ ላይ ፀሐይ አለ። ነፋሱ ግን ብርቱ ነው፤ በውቅያኖሱ በኩል አሸዋ እግር ይገርፋል፤ ለአውሮፓውያን የዕረፍት ወቅት ስለሆነም ዋጋው ይወጣል። ሁለተኛው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው፤ ነፋሱ ይረግባል፣ ሰው ያንሳል፣ አጭሩ ዝናብም ገና አልገባም። ሦስተኛው ከገና ማግሥት እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ ነው። ላሙ ላይ ከሁሉም ውዱ ጊዜ የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ሳምንት ነው፤ የእኛ ገና ሲያልፍ እነርሱ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። አየሩ ያው፣ ቤቱ ያው ሆኖ ዋጋው ዝቅ ይላል። እኔ ብሆን ጥቅምትን ወይም ጥርን እይዛለሁ።

ዛንዚባር ከግንቦት አያድናችሁም፤ ያው ዝናብ እዚያም ይወርዳል። ወቅቱ ጥሩ ከሆነ ግን ንጽጽሩ ተገቢ ነው። ዛንዚባር ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አላት፤ ትልልቅ ባለ መዋኛ ሆቴሎች አሏት። ነገር ግን አሮጌው ከተማ፣ ስቶን ታውን፣ በምዕራብ በኩል ነው፤ የታወቁት የአሸዋ ዳርቻዎች ደግሞ በሰሜንና በምሥራቅ ጫፍ ስለሆኑ በመኪና ይኬዳል። እናንተ የጠየቃችሁት ሁለቱ በእግር የሚደራረሱበትን ነው፤ ይህን በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ላይ እንደ ላሙ አሟልቶ የሚሰጥ አላውቅም።

አሁን ወደ ቅንጦቱ። እብነ በረድ፣ የወርቅ ቅብና ሊፍት ያለው ነገር በልባችሁ ከሳላችሁ ላሙ ያሳዝናችኋል፤ ዱባይ ይሻላችኋል። እዚህ የሚገዛው ነፋስና ሰው ነው። ነፋስ ስል የላይኛው ፎቅና የቤቱ አቅጣጫ ማለቴ ነው። ሰው ስል ደግሞ ከቤቱ ጋር አብረው የሚመጡትን ምግብ አብሳይና አስተናጋጅ ማለቴ ነው። ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ የሼላ ቤት ስትከራዩ ጠዋት ዓሣ አጥማጁ ከበሩ ድረስ ይመጣል፤ አብሳዩ ሸርጣኑን እያገላበጠ ያሳያችኋል፤ ምሳ የት ልዘርጋ ብሎ ይጠይቃል፤ እናንተ ጣሪያው ላይ ትሉታላችሁ። ለሁለት ሰው ሙሉ ቤት ስለሚበዛ ፎቁን ብቻ የሚያከራዩ አሉ። ይህን ለይታችሁ ጠይቁ።

ቤቶቹ ራሳቸው ሊታዩ ይገባቸዋል። የጥንቱ ግድግዳ ከኮራል ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ክንድ ያህል ይሆናል፤ በኖራ ይለሰናል። ጣሪያውን የሚሸከሙት ጨዋማ ውኃ ዳር የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ግንዶች ስለሆኑ ክፍሎቹ ረጃጅምና ጠባብ ናቸው፤ የግንዱ ርዝመት ነው የክፍሉን ወርድ የሚወስነው። በደህና ቤት ውስጠኛው ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ በኖራ የተቀረጹ ትንንሽ የግድግዳ መደርደሪያዎች በረድፍ ታያላችሁ፤ ዘመናዊው ቤትም ይኮርጃቸዋል። ደጁ ላይ፣ ከተቀረጸው የእንጨት በር ግራና ቀኝ፣ የድንጋይ መቀመጫ አለ። የመጣ እንግዳ የቤቱ ሴቶች ካሉበት ሳይገባ የሚስተናገደው እዚያ ነበር። ደረጃው ግን ቀጥ ያለና እርምጃው ከፍ ያለ ነው፤ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ኖሮ ሌላ ምክር እሰጣችሁ ነበር።

ሼላ ወይስ ከተማው? እደሩ ሼላ፣ ዋሉ ከተማ። የላሙ ከተማ ከ700 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ሰው የኖረበት፣ ከስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ አሮጌውና በደንብ የተጠበቀው ነው፤ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ምሽጉ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1821 ተሠራ፤ ከፊቱ ያለው አደባባይ ጠዋት ገበያ፣ ማታ የጨዋታ ቦታ ነው። መንገዶቹ ሁለት የተጫኑ አህዮች ቢገናኙ አንዱ ወደ ኋላ የሚመለስባቸው ዓይነት ናቸው። ሲሚንቶው፣ ውኃው፣ ሻንጣው ሁሉ በአህያ ነው የሚሄደው፤ ሞተር ብስክሌት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ገብቶ ሰላሙን ቢረብሽም። ይህ ሁሉ ለመዋል ደስ ይላል፤ ለማደር ግን ሙቀቱ ግድግዳው መካከል ይታፈናል፣ ጠረኑም የአህያ ነው፣ ዳርቻም የለውም።

ሼላ ከዚያ በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ላሙንና ጎረቤቷን የማንዳን ደሴት የሚለየው ባሕር ሰርጥ ከውቅያኖስ በሚገናኝበት አፍ ላይ ተቀምጣለች። የመንደሩን ሥር የጣሉት ከማንዳ ደሴት፣ ታክዋ ከተባለ ከተማ ተነሥተው የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የላሙ ሰዎች የሞምባሳንና የፓቴ ደሴትን ጦር ድል የመቱት እዚሁ አሸዋ ላይ ነው። መንደሩ ሲያልቅ ዳርቻው ይጀምራል፤ ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከጀርባው የአሸዋ ኮረብታ የተከመረበት፣ ከመንደሩ ራቅ ስትሉ ሰው የማይታይበት። ኮረብታው ላይ ለመንከባለል የሚሞክር ጎብኚ አለ፤ ተዉት። ያ አሸዋ የዝናቡን ውኃ አጣርቶ ከሥሩ ያጠራቅማል፤ የላሙ ከተማ የሚጠጣው ከዚያ ነው። አንዳንድ ባለ ገንዘቦች ኮረብታው ላይ ቤት ለመሥራት የሚያደርጉት ሽሚያ ነዋሪውን የሚያስቆጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም አሸዋው ላይ የተተከለ አዲስ ቤት ለደንበኛ አልመክርም።

ሆቴል ከፈለጋችሁ በሼላ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው ፔፖኒ ነው፤ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው፣ በረንዳው የመንደሩ ሁሉ መገናኛ ነው። ከሰርጡ ማዶ፣ ማንዳ ደሴት ላይ ያለው ማጅሊስ ሰፋ ያለ ነው፤ መዋኛ ገንዳ አለው፤ መንደሩን ለማየት ግን በየጊዜው ጀልባ ያስፈልጋል። ለእናንተ የምለው ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ሆቴል ሁኑ፤ መንደሩን ዞራችሁ እዩ፤ ቀሪውን ቤት ተከራዩ። ቤቱን ግን አስቀድማችሁ ያዙ፤ በዚያ ወቅት ቦታው ላይ ደርሰን እንመርጣለን የሚል ሰው የተረፈውን ነው የሚያገኘው።

ቤት ስትይዙ ፎቶግራፉን አትመኑ፤ ሁሉም ቤት በፎቶ ያምራል። ባለቤቱን ወይም ወኪሉን በጽሑፍ ጠይቁ። አጠገቡ ግንባታ አለ ወይ? ይህ ዋናው ነው፤ አንድ ጊዜ የላክኋቸው ባልና ሚስት ቅንጡ የሚባል ቤት ገብተው፣ ከግድግዳው ማዶ ድንጋይ ሲፈለጥ ነው የከረሙት፤ አከራዩ ያውቅ ነበር፣ አልተናገረም። መኝታው ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ወደ ባሕር ወይስ ወደ መንደር ያያል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ? ሻወሩ ጨዋማ ነው ወይስ ንጹሕ ውኃ? አጎበሩ ያልተቀደደ ነው ወይ? መስጊዱ ምን ያህል ይርቃል? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ አዛን ይሰማል፤ ለአዲስ አበባ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሆኖም ድምፅ ማጉያው በመስኮታችሁ ትክክል ከሆነ ልዩነት አለው። አየር ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት አያስደንግጣችሁ፤ ከላይ ከሆነና ነፋስ ከገባው ቬንቲሌተርና አጎበር ይበቃሉ። ከታች ፎቅ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ከመያዝ ከላይ የሌለውን መያዝ ይሻላል።

የእጮኛዎ ዋና አለመቻል ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። የሼላ ዳርቻ በውቅያኖሱ በኩል ከባሕሩ ሥር የሚነሣ የኮራል ድንጋይ አይከልለውም፤ ሞገዱ ቀጥታ ይመጣል። በሰርጡ አፍ ደግሞ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል የሚሄደው ውኃ እንደ ወንዝ ይስባል። ጠባቂ ዋናተኛ ቆሞ የሚያይበት ዳርቻ አይደለም። እርሱ ከጉልበት በላይ እንዳይገባ፤ ቢገባም ባሕሩ ሞልቶ ሲረጋ፣ በማንዳ በኩል ባለው ጸጥ ያለ ዳርቻ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይሁን። ከዚህ አንጻር መዋኛ ገንዳ ያለው ማረፊያ ለእናንተ ተገቢ ወጪ ነው። ጀልባ ላይም የአደጋ ጊዜ ጃኬት ሳይለብስ አይሳፈር። ጀልባ ነጂው ቢስቅ ይሳቅ።

የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በየማታው እዩ፤ የነገው ቀን የሚታቀደው በእርሱ ነው። ከሼላ ወደ ላሙ በባሕሩ ዳር በእግር ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ግን መንገዱ በከፊል ይሰጥማል፣ ስለዚህ ጀልባ ያዙ። የታክዋን ፍርስራሽ ለማየትም በማንግሮቭ መካከል የሚገባው መተላለፊያ ጀልባ የሚያስገባው ሲሞላ ብቻ ነው፤ እዚያ ዘግይቶ የቆየ ሰው ጭቃ ላይ ይቀራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ትቶት የሄደ ከተማ ነው፤ መስጊዱና ባለ ዓምዱ መቃብር ቆመዋል፤ ባኦባብ በቅሎበታል።

ከጀልባ ነጂ ጋር ስትቀጣጠሩ አንድ ደስ የሚል ነገር ታገኛላችሁ፦ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ፣ ከንጋት ጀምረው ነው። ችግሩ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይሻገራሉ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት» በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስረግጡ። ዋጋውን፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ምሳ እንዳለበት ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፤ ቀብድም ቢሆን ጥቂት ብቻ ስጡ።

ምግቡ ለጾመኛ ምቹ ነው። የጠረፉ ወጥና ሩዝ የሚሠራው በቅቤ ሳይሆን በኮኮናት ወተት ነው፤ ባቄላውም አትክልቱም እንደዚያው። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ለአብሳዩ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይግባ በሉት፤ ዓሣን በተመለከተ የራሳችሁን ልማድ ንገሩት። ከተማው የሙስሊም ከተማ ነው፤ ዳርቻ ላይ የሚለበሰው ለዳርቻ ብቻ ነው፣ መንደር ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። መጠጥ በሼላና በማንዳ አንዳንድ ሆቴሎች አለ፤ መንገድ ላይ ይዞ መዞር ግን ነውር ነው። ረመዳን ላይ ከገጠማችሁ ከተማው ውስጥ ቀን ምሳ ማግኘት ይከብዳል፤ ማታው ግን ይደምቃል።

ስለ ጸጥታው ሸፍኜ አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአካባቢው ጎብኚዎች ታፍነው ተወስደዋል፤ አንዷ ከማንዳ ነው የተወሰደችው። በ2014 በየብስ በኩል ምፔኬቶኒ በምትባል ከተማ ብዙ ሰው ተገድሏል፤ በ2020 ማንዳ ቤይ ያለው የጦር ሰፈር ተጠቅቷል። ከሶማሊያ ድንበር ቅርብ ነው። ስለዚህ ሕጌ አጭር ነው፦ በአውሮፕላን ግቡ፣ በአውሮፕላን ውጡ፤ ከማሊንዲ በመኪና አትሞክሩ፤ ከላሙና ከማንዳ ደሴቶች ውጪ፣ በተለይ ወደ ሰሜን፣ አትሂዱ። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት የወጡ የጉዞ ማሳሰቢያዎችን አንብቡ፤ ስለ ደሴቶቹ በተለይ ማስጠንቀቂያ ካለ ጉዞውን ሰርዙ።

በነገራችን ላይ ላሙ ለእኛ ባዕድ ስም አይደለም። ላፕሴት የተባለው የወደብና የመንገድ ውጥን ላሙን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ለማገናኘት ነው የታሰበው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ሲጀመር አቶ መለስ ዜናዊ ከያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ከኪባኪና ከደቡብ ሱዳኑ ከሳልቫ ኪር ጋር ተገኝተው ነበር። የመጀመሪያው የመርከብ ማረፊያ በ2021 ሥራ ጀመረ። ሩቅ ስለሆነ ከሼላ ሰገነት አይታያችሁም፤ ዓሣ አጥማጆቹ ግን ስለ እርሱ ብዙ የሚሉት አላቸው፤ ጠይቋቸው።

ጉዞው ላይ የሚሳሳቱት ናይሮቢ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የምታርፉት ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን ወደ ላሙ የሚነሡት ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ከሌላው የከተማዋ ማረፊያ፣ ከዊልሰን ነው። በመካከሉ የናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ አለ፤ ከአራት ሰዓት ያነሰ ክፍተት አትተዉ፤ አንድ ሌሊት ናይሮቢ ብታድሩ ደግሞ ይመረጣል። በትንንሾቹ አውሮፕላኖች የሚፈቀደው ሻንጣ 15 ኪሎ ገደማ ነው፤ የሠርግ ስጦታ ሻንጣ አይሆንም፣ ለስላሳ ቦርሳ ያዙ። ጫማችሁን በፌስታል አትጠቅልሉ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። የቢጫ ወባ ካርድ ያዙ፤ ጠረፉ ወባማ ስለሆነ ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። የላሙ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ማንዳ ደሴት ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ስታርፉ ከአውሮፕላኑ ወርዳችሁ በእግር ወደ ጀልባው ነው የምትሄዱት፤ ማረፊያችሁ ጀልባ ይልካል ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጥሬ ገንዘብ ናይሮቢ ላይ ወደ ሽልንግ ቀይሩ፤ ገንዘብ ማውጫ ማሽኖቹ ላሙ ከተማ ናቸው፤ ጀልባ ነጂውም ዓሣ ሻጩም በኤምፔሳ ይቀበላል።

አሁን የምታደርጉት ይህ ነው፦ የግንቦቱን ቦታ ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ጻፉና ወደ ጥቅምት ወይም ወደ ጥር እንዲያዛውሩላችሁ ጠይቁ። የዝናቡን ነገር ከእናንተ በላይ ያውቃሉና ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉ፣ ሲሰረዝ ስንት እንደሚመልሱ የሚገልጸውን ገጽ ላኩልኝ፤ አይቼ እመልስላችኋለሁ።